በሰም ጨርቅ የተጠቀለለው ጓጉንቸር

አንድ አናጺ ነበረ። ጌጡ ይባላል። በከተማው ውስጥ እሱ ያልሠራው በር ጥቂት ነው፤ የራሱ የሚለው በር ግን አልነበረውም። ከእናቱ ከእማማ አስካለ ጋር ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ጎለመሰ።

እማማ አስካለ ቤት ግዛልኝ ብለው ልጃቸውን አስጨንቀውት አያውቁም። አንድ ቀን ግን እነሱ በሚኖሩበት ግቢ ሌላ ተከራይ ሞተ። አከራዩ ጎመኔ ይረገጥብኛል ብሎ ድንኳን አላስተክልም አለ። ለቀስተኛው መንገድ ዳር ተቀመጠ። ጋሪ ሲመጣ ተነሥቶ ያሳልፋል፤ ጋሪው ካለፈ በኋላ ተመልሶ ተቀምጦ ያለቅሳል። እማማ አስካለ ከዚያ ሲመለሱ እህል አልቀመሱም። ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ በሰው ቤት መኖሩን ለምጄዋለሁ። በሰው ቤት መሞቱን ግን ፈራሁ። የኔን ድንኳን መንገድ ላይ እንዳታስተክለው።»

ጌጡ ከዚያ ወዲህ ቤት መፈለግ ያዘ። ብዙ ከተንከራተተ በኋላ አቶ ይርዳው የሚባሉ የሰፈሩ የእድር ዳኛ ከአባታቸው የወረሱትን ቤት ሊሸጡ መሆኑን ሰማ። ቤቱ አርጅቷል፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው። ጌጡ መጀመሪያ ያየው ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን ሳይሆን ድንኳን የሚበቃ ቦታ መኖሩን ነበር።

ጌጡ ጠንቃቃ ሰው ነው። እርጥብ እንጨት ኋላ እንደሚጣመም ስለሚያውቅ ሳይደርቅ አይነካውም። ቤቱንም ቢሆን ዘው ብሎ አልገዛም። ቤት ገዢዎችን ወደምትመክር አንዲት ጠበቃ ሄደ። ጠበቃዋ ሦስት ነገር እንዲያደርግ ነገረችው። የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ያረጋግጥ። ቤቱ በዕዳ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ እንዳይሆን ይጠይቅ። ሦስተኛውን ከመናገሯ በፊት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሦስተኛው ከጽሕፈት ቤት አይገኝም» አለችው። «ቤቱ ውስጥ ግባና ያለውን በር ሁሉ አስከፍት። ከእያንዳንዱ በር ኋላ ማን እንደሚኖር፣ ማን ይኖር እንደነበር፣ ያ ሰው አሁን የት እንዳለ ጠይቅ። ወረቀት የሚናገረው የተጻፈበትን ነው። ሳይጻፍ የተተወውን ሰው አያውቀውም።»

«ቢቀየሙኝስ?» አላት።

«ዛሬ ቢቀየሙህ ይሻላል።»

ጌጡ ሁለቱን በትክክል ፈጸመ። ካርታው በአቶ ይርዳው ስም ነበር፤ ዕዳም እገዳም አልተገኘበትም። ሦስተኛውን ሊፈጽም ሽያጩን ሊያስማሙ ከተጠሩ ሽማግሎች ጋር ወደ ቤቱ ሄደ። አቶ ይርዳው ክፍሎቹን እየከፈቱ አሳዩት። በጓሮ በኩል ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ግን ተቆልፋ ነበር። በሯ ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር ዝናብ እንዳያዝገው በሰም በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

ጌጡ እዚያ በር ላይ ቆመ።

«እሷ የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ናት፤ ቁልፏ ከጠፋ ቆየ» አሉ አቶ ይርዳው። ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞረው፣ «አናጺ አይደል፣ በር ካየ መላቀቅ አይሆንለትም» ብለው ቀለዱ።

ሽማግሎቹ ሳቁ። ጌጡም አብሯቸው ሳቀ። በልቡ ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። ሥራው ነውና ያውቃል፤ ቁልፉ የጠፋበትን ጓጉንቸር በሰም ጨርቅ የሚጠቀልል የለም። እንዲህ የሚያደርገው ተመልሼ እከፍተዋለሁ ያለ ሰው ነው። የማን ክፍል እንደሆነች ሊጠይቅ አሰበ። ነገር ግን አቶ ይርዳው የሰፈሩን ሙታን ያስቀበሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። በሽማግሎች ፊት ይህችንም ይክፈቱልኝ ማለት፣ ሌባ ነዎት እንደማለት መሰለው። ይሉኝታ ያዘው። እውነቱን ለመናገር የያዘው ይሉኝታ ብቻም አልነበረም። ግቢውን ወዶታል፤ ጠይቆ የሚሰማው መልስ ግቢውን እንዳያሳጣው ፈርቷል። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ።

ውሉ በሚገባ ተጻፈ፣ ተመዘገበ፤ የካርታው ስምም ወደ ጌጡ ዞረ።

እማማ አስካለ አዲሱ ግቢ በገቡ ጊዜ ቤቱን ከማየታቸው በፊት መሬቱን እየረገጡ ከመግቢያው እስከ ጓሮው ሄዱ። ከዚያ «ይበቃል» አሉ። ስለተቆለፈችው ክፍል ሲጠይቁት ጌጡ ቁልፏ ጠፍቷል ብሎ መለሰላቸው፤ የአቶ ይርዳውን ቃል እንዳለ ደገመው። ጓጉንቸሩን በመዶሻ መትቶ መጣል ለእሱ ቀላል ነበር። አልመታውም። አንዳንዴ እንጨት ሲልግ ዓይኑ ወደዚያ ይሄድና ሥራውን ያቋርጣል።

ክረምቱ ሲገባ አንዲት የከሳች ሴት በትር ተደግፋ የግቢውን በር አንኳኳች። ወንድሜ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ውድነሽ ትባላለች፤ የአቶ ይርዳው ታናሽ እህት ናት። በጠና ታማ ሩቅ ጠበል ቦታ ቆይታ ገና መመለሷ ነበር። ጌጡ ቤቱን ከወንድሟ እንደገዛው ሲነግራት አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። አልፋው ወደ ጓሮ ሄደች። ክሩን ፈታች፣ የሰም ጨርቁን አነሣች፣ ከማተቧ ላይ ቁልፍ አውጥታ ከተተች። ጓጉንቸሩ ሳያንገራግር ተከፈተ። ውስጥ አልጋዋ እንደተነጠፈ ነበር።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አቶ ይርዳው እህታቸው ከሕመሟ አትነሣም ብለው፣ አባታቸው ሌላ ልጅ የላቸውም ሲሉ አስመስክረው ኖሯል ቤቱን በስማቸው ያዞሩት። ክሱን ሲሰሙ የሽያጩን ገንዘብ እንደያዙ ከከተማው ጠፉ። ጌጡ ዳኛው ፊት ቀርቦ ካርታውን ማየቱን፣ ዕዳና እገዳ ማጣራቱን፣ በቅንነት መግዛቱን አስረዳ። ከተናገረው ውስጥ ሐሰት አልነበረም። ዳኛው ጥቂት ብቻ ጠየቁት።

«ክፍሏ ተቆልፋ አይተሃል?»

«አይቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«የማን ናት ብለህ ጠየቅህ?»

ጌጡ አንገቱን ደፋ። «ነውር መሰለኝ» አለ።

ዳኛው መዝገቡን ዘጉ። ከዚያ፣ ዓይኑ ያየውን እንዳላየ ሆኖ ያለፈ ገዢ ኋላ አላውቅም ነበር ቢል እንደማይሰማ ተናገሩ። ሽያጩ እንዲፈርስ፣ ጌጡ ክረምቱ ሲወጣ ቤቱን ለውድነሽ እንዲለቅ፣ አቶ ይርዳውም ገንዘቡን እንዲመልሱ ፈረዱ። የጠፋ ሰው የሚመልሰው ገንዘብ ግን ከፍርዱ ወረቀት ላይ አይወርድም።

ጌጡ ፍርዱን ለእናቱ ሊነግራቸው አልቻለም። እማማ አስካለ ታመው ተኝተው ነበር። አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶላቸው፣ ግቢው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያያሉ። ውድነሽን ከጓሮ ስትወጣ ሲያዩ ዘመድ ናት አላቸው። እሳቸውም አንድ ቀን፣ «ዘመድህ ታሳዝናለች፤ እኔ ስሞት እዚሁ ትኑር፣ እንዳታስወጣት» አሉት። ጌጡ እሺ አላቸው።

ዝናቡ እየሳሳ ሲመጣ እማማ አስካለ አረፉ።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጡና የት እንትከል ብለው ጠየቁት። ጌጡ አስቀምጡት አላቸው። ድንኳኑ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሰዎቹ እያዩት፣ ወደ ጓሮ ሄደ። ያችን በር ሲያንኳኳ የመጀመሪያው ነበር። ውድነሽ ከፈተች።

«እቴ» አላት፣ ዓይኗን ማየት አቅቶት። «ግቢው ያንቺ ነው። የእናቴን ድንኳን ልትከልበት?»

ውድነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

«ወንድሜ ሳይጠይቀኝ ሸጠ» አለች። «አንተ ሳትጠይቅ ገዛህ። ያን ጊዜ ብትጠይቅ እኔም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አልንከራተትም፣ አንተም ባዶ እጅህን አትወጣም ነበር። ዛሬ ግን ጠየቅኸኝ። ይተከል።»

ድንኳኑ ተተከለ። እማማ አስካለ እንደተመኙት ለቀስተኛቸው በግቢ ውስጥ ተቀመጠ፤ ጋሪም አላስነሣውም። ውድነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል አለቀሰች። ማንን እንዳለቀሰች የጠየቃት የለም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ጌጡም ዕቃውን ጫነ። የግቢውን ቁልፍ ለውድነሽ አስረክቦ፣ መጋዙን በብብቱ ይዞ፣ ኪራይ ቤት ፍለጋ ወጣ። ካስማዎቹ የተነቀሉባቸውን ጉድጓዶች የመጨረሻው ዝናብ ሞላቸው።

ጌጡ ሰነፍ ገዢ አልነበረም። የተመከረውን ሰምቷል፣ ካርታውን አይቷል፣ ዕዳና እገዳውን አጣርቷል። የቀረችው አንዲት ጥያቄ ናት፤ እሷም የቀረችው ስላላወቃት ሳይሆን ስላፈረባት ነው። በእርግጥ ቢጠይቅ አቶ ይርዳው ሌላ ውሸት ይነግሩት ይሆናል፤ ያን ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን በሩን ክፈቱልኝ ቢል ቁልፉ በማን አንገት ላይ እንዳለ መፈለጉ አይቀርም ነበር። ይሉኝታ በድግስ ቤትና በለቅሶ ቤት መልካም ጠባይ ነው፤ ቤት ሲገዙ ግን የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። የምናፍርለት ሰው ነገ ላይገኝ ይችላል። ያልጠየቅነው ሰው ግን በትሩን ተደግፎ ይመጣል።

ቤት ሊገዙ ያሰቡ አንባቢ ሆይ፦ በዚያ ቤት ውስጥ እያዩ እንዳላዩ ያለፉት በር አለ? ከኋላው ማን ይኖር እንደነበርስ ተጠይቋል?