«ቀዘቀዝሽብን» የተባለችው እህት

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አጥቢያ መዘምራን ውስጥ የምታገለግል እህት ነበረች። ሕመም ነበረባት። ሐኪሞች ባይፖላር ይሉታል፤ ስሜትን ከልክ በላይ ሽቅብ የሚያወጣ፣ ቆይቶ ደግሞ መሬት የሚጥል ሕመም ነው።

ሽቅብ ሲያወጣት እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ትዘምራለች፣ ታወራለች፣ የልጇን ብርድ ልብስ ሳይቀር አንስታ ለመንገደኛ ትሰጣለች። ሲጥላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ትንሿ ልጇ አክስቷ ቤት ነበር የምታድረው።

ኪኒን ታዘዘላት። ቀስ በቀስ እንቅልፍ መጣ፤ ምግብም ጣማት። ልጅቷ ወደ ቤቷ ተመለሰችና እናቷ የጎነጎነችላትን ጸጉር ለጓደኞቿ እያሳየች ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። ወገኖቼ፣ ከዚህ በላይ ምን ተአምር ትፈልጋላችሁ?

እሑድ ግን ያቺ እህት ከመዘምራኑ ጋር ቆማ በዝግታ ዘመረች። አልዘለለችም፤ አልጮኸችም። የጸሎት እናታቸው እማማ ቦጋለች በር ላይ አቅፈው ሳሟትና በፍቅር፣ «ልጄ፣ ምነው ቀዘቀዝሽብን?» አሏት።

ይህች ቃል በእኛ ቤት፣ ከጌታ ራቅሽ እንደማለት ስለሆነች፣ ምን ያህል እንደምታስፈራ ታውቃላችሁ። እህታችን ያቀዘቀዘኝ ኪኒኑ ነው ብላ ለማንም ሳትናገር አቆመችው።

ብዙም ሳይቆይ «እሳቱ» ተመለሰ። ጉባኤው አጨበጨበ፤ መንፈስ ወረደባት ተባለ። ያላጨበጨበው ባሏ ላምቤቦ ብቻ ነበር። እሱ ዓይኗን ያውቀዋል። የልጅቷን እጅ ይዞ ወደ አክስቷ ቤት ወሰዳት።

ከዚያ ውድቀቱ መጣ። እማማ ቦጋለች ሊጠይቋት ሲሄዱ እንደ ድሮዋ ተኝታ አገኟት። ላምቤቦ በኋላ ከእሷ የሰማውን፣ ኪኒኑን ለምን እንዳቆመች ነገራቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እሷም ወደ እሳቸው ዞር ብላ ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ኪኒኑን ከወሰድኩ እግዚአብሔር ይርቀኛል?»

«እኔስ የደም ግፊት ኪኒን እውጥ የለ? ጨው ቀንሺ ይሉኛል እንጂ እምነት ጎደለሽ ያለኝ የለም። አልቀዘቀዝሽም ነበር፣ ልጄ። አርፈሽ ነበር። እኔ ነኝ ዕረፍትሽን ያላወቅኩት።»

ይዘዋት ወደ ሐኪሙ ሄዱ። ለመሻል ጊዜ ወሰደባት፤ ቢሆንም ተሻላት። ልጅቷም ተመለሰች።

ወገኖቼ፣ የሚዘል ሁሉ ደኅና ነው ያለን ማነው? ዝግ ያለ ሁሉስ ከጌታ ርቋል? ጌታ ዕረፍትን በሐኪም እጅ ቢልክልን፣ በዚህ በኩል ከሆነ አንቀበልም ልንለው ነው?

ኪኒን የምትወስዱ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትፈሩ። ከብዷችሁ እንደሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ በጭብጨባችን ብላችሁ ግን አታቁሙት።

እናንተ ደግሞ፣ ኪኒኗን መዳፏ ላይ ይዛ የምታመነታ እህት ብታዩ ስብከት አትጀምሩላት። ውሃ ቅዱላት፤ እስክትውጠውም አጠገቧ ተቀመጡ።