ሦስት እቶን፣ አንድ ማኅተም

ውዳሴ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለእናቷም ቢሆን።

በአንድ ወቅት፣ ከኮሌጅ ወጥታ የእቶን ሙቀት ለመለካት በተቀጠረችበት ብረት ማቅለጫ፣ ሠራተኛው ለምሳ የሚቀመጠው በዕድሜ ሳይሆን በእቶኑ ሙቀት ነበር። ከገበታው ራስ የሚቀመጠው አቅላጩ ሙሉቀን ነው፤ የኤሌክትሪክ እቶኑ አሥራ ስድስት መቶ ዲግሪ ደርሶ ብረትን እንደ ውሃ ያፈሳል። ቀጥሎ እሳት የሚችል ጡብ በአሥራ አራት መቶ የሚተኩሰው ይርጋ አለ። ብረት አጠንካሪው ፈይሳ ግን በሩ ሥር ነው፤ የእሱ እቶን ከስምንት መቶ ሃምሳ አያልፍም።

«ዳቦ ጋጋሪው መጣ» ይሉታል ሲገባ።

«ታዲያ ጦማችሁን ልትውሉ ነው?» ብሎ ይቀመጣል።

ውዳሴ ከሦስቱ አንዱን ትወድ ነበር። እሱ አያውቅም፤ እሷም ቀና ብላ አይታው አታውቅም።

አንድ ቀን የከተማው የውሃ ፓምፕ ትልቁ ማርሽ ተሰብሮ ቧንቧው ሁሉ ደረቀ። አዲስ ማርሽ እንዲሠሩ ታዘዙ። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ የብረት ማኅተም አለው፤ በአንድ ዕቃ ላይ ግን አንድ ማኅተም ብቻ ይመታል። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት ኃላፊ፣ ጋሽ ድንቁ፣ «በዚህ ማርሽ ላይ ማኅተሙ የሚመታለት ሰው ወንበሬን ይረከባል» አሉ።

የማቅለጫው እቶን ግድግዳ ተበልቶ ነበር። ይርጋ ሳያመነታ የራሱን እቶን ጣሪያ አፈረሰ። ዓመታት የደከመባቸውን ምርጥ ጡቦች አውልቆ ለሙሉቀን አቀበለው፤ የእሱ እቶን ሰማይ እያየ ቀረ።

ሙሉቀን ብረቱን አቀለጠ። አሥራ አምስት መቶ ሃምሳ ላይ መብራቱ ይዋዥቅ ጀመር። ኃይሉ ቢቋረጥ ብረቱ እዚያው ረግቶ እቶኑ ራሱ ይጠፋል፤ ሁሉም አፍስስ አሉት። ቀድሞ ቢፈስ ደግሞ ቅርጹን ሳይሞላ ስለሚረጋ የማርሹ ጥርሶች ጎዶሎ ይሆናሉ። «ገና ነው» ብሎ ዓይን በሚያጠፋው ነጭ ብርሃን ፊት ቆመ። ውዳሴ አሥራ ስድስት መቶ ስትል አዘነበለው። አንድም ጥርስ አልጎደለም።

ማርሹ ሙሉ ቢሆንም ለስላሳ ነበር፤ እንዲሁ ቢገጠም ወዲያው ያልቃል። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው በውሃ ይጠንክር ሲሉ ፈይሳ ይሰነጠቃል፣ በዘይት ይሁን ብሎ እምቢ አለ። የመጋዘኑ ዘይት ስላልበቃው ግቢ ውስጥ የቆሙትን መኪናዎች ዘይት ሁሉ አስቀዳ፤ ሾፌሮቹ ሲሰድቡት ዋሉ። ለማኅተሙ የሚሆን ለስላሳ ቦታ እንዲቀር እምብርቱን በጭቃ ሸፍኖ፣ ማርሹ በእቶኑ ውስጥ እንደ በሰለ ቲማቲም ሲቀላ ዘይቱ ውስጥ ነከረው። ሞረድ ቢሞክሩበት ተንሸራተተ።

ምሽት ላይ ክርክሩ ተነሣ።

«ያለ ጡቤ እሳቱ የት ይቆም ነበር?» አለ ይርጋ።

«ሳይቀልጥስ ምኑ ማርሽ ይሆናል?» አለ ሙሉቀን።

«ሳይጠነክርስ ስንት ቀን ይዞራል?» አለ ፈይሳ፤ የዚያን ቀን ዳቦ ጋጋሪ ያለው የለም።

ጋሽ ድንቁ መፍረድ አቃታቸው። ሦስቱን ማኅተሞች ለውዳሴ ሰጧት። «ልጄ፣ የሦስቱንም እሳት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ነገ ጠዋት ምቺው።»

የምትወደውን ብትመርጥ፣ የመረጠው ልቧ ይሁን ሚዛኗ በምን ታውቃለች? ብትተወውስ፣ የተወችው ሥራው አንሶ ነው ወይስ እሷ ፈርታ?

በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ሁለቱን ማኅተሞች ከምሳው ገበታ ላይ አኖረች። ሦስተኛውን ማርሹ እምብርት ላይ አቁማ መዶሻውን አነሣች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ማኅተሙ የሚገባው ለማን ነው?