ከወሬው በኋላ የመጣ እንግዳ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ከዓረብ አገር የተመለሰች። ሦስት ዓመት ለፍታ፣ በመጨረሻም እስር ቤት ከርማ፣ ባዶ እጇን ገባች። እናቷ እሷ በሌለችበት ሞተዋል። ቤታቸውን ከፍታ ብቻዋን መኖር ጀመረች።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዉ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» እያለ መጣ። ከዚያ ወሬ ተነሣ። «በሽታ ይዛ ነው የመጣችው» አለ አንዱ። «እዚያ ምን ስትሠራ እንደኖረች ማን ያውቃል?» አለች ሌላዋ። ያየ ነበር? የለም። እሷን የጠየቀስ? እሱም የለም። የሰው እግር ግን ከቤቷ ቀረ።

የጎረቤት ልጅ ስትዳር፣ የሻረግ (የዚህች ሴት ስም ነው) እንደ ማንኛዋም ሴት ልታግዝ ሄደች። ሽንኩርት ልትልጥ ቢላዋ አነሣች። የሙሽራዋ እናት፣ እትዬ ዘነቡ፣ ቢላዋውን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና «አንቺ ዕረፊ፣ ልጄ» አሏት።

ቃሉ ደግ ነበር። ነገሩ ግን ገባት። ጥቂት ተቀምጣ፣ ምንም ሳትቀምስ ወጣች። የተከተላት አልነበረም።

በሳምንቱ ጌጡ መጣ። ጌጡ ደላላ ነው፤ መጀመሪያም ወደ ዓረብ አገር የሸጣት እሱ ነበር። ደጇ ላይ ቆሞ «የሻረግ! አለሽ ወይ?» አለ። ገብቶ ተቀመጠ። ውኃ ብትሰጠው በኩባያዋ ጠጣ፤ ድገሚኝ ብሎም ጠጣ።

«እዚህ ማን አለሽ?» አላት።

ዳግመኛ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ተስማማች። በሦስተኛው ቀን አብራው ሄደች።

ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ፖሊስ መኪናውን አስቆመ። ጌጡ ተያዘ። ቃሏን የተቀበለችው መርማሪ ነገሩ ገርሟት «እህቴ፣ አንድ ጊዜ ሸጦሻል። እንዴት ደግመሽ አመንሽው?» አለቻት።

«አላመንኩትም» አለች የሻረግ። «ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ። ግን ከወሬው ወዲህ ቤቴ ገብቶ የተቀመጠ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

ምእመናን፣ ጌጡ ተፈርዶበታል፤ ይገባዋልም። እኛንስ ማን ይጠይቀን? «እኛ አልሸጥንም» እንላለን። እውነት ነው፣ አልሸጥንም። ደላላው ግን ሰው ሲፈልግ ወዴት ይሄዳል? ዘመድ ወደሚገባበት፣ ጎረቤት ወደሚወጣበት ቤት ነው? አይደለም። እኛ ወደተውነው ቤት ነው።

የሻረግ ተመልሳለች። ያው ቤት ውስጥ ናት። በእናንተም ሰፈር እንደ እሷ ያለች አለች፤ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በየት በኩል ነው ወደ ቤታችሁ የምትሄዱት? በደጇ ነው፣ ወይስ ዞራችሁ?