የአህያዋ ቀይ አፍ

አንድ ጊዜ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቀረና ሜዳው ሁሉ አፈር ሆነ። በዚያ ሜዳ የምትኖር አንዲት አህያ ከመክሳቷ የተነሣ ጎድኗ ከሩቅ ይታይ ነበር። ጅብ ይህን አይቶ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ደኅንነቷን ይጠይቃት ጀመር።

«እንዴት አደርሽ፣ እመት አህያ? ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ አያ ጅቦ። እስካሁን ቆሜአለሁ።»

«አይዞሽ፣ መውደቅሽ አይቀርም» ይላትና ከጥላ ሥር ይጋደማል። እርግጫዋን ስለሚፈራ እስክትወድቅ ይጠብቅ ነበር። ቀበሮም ከጅብ የሚተርፈውን አጥንት ተስፋ አድርጎ አብሮት ይጠብቃል።

አህያዋ የምትበላው ብታጣ ወደ ገበያ ወረደች። እዚያ ጦጣ በወንዝ ዳር ካለው ጓሮዋ ያመጣችውን አትክልት ትሸጥ ነበር። ጎመኑ በማለዳ አልቋል። የቀረው አንድ ክምር ብቻ ነው፤ ክብ፣ አፈር የለበሰ፣ ቅጠሉ ቀይ መስመር ያለበት። ማንም አልተጠጋውም።

«ይህ ምንድን ነው፣ እመት ጦጣ?»

«ቀይ ሥር ይባላል። ዘሩን ከሩቅ አገር አመጣሁት። እዚህ የሚያውቀው ጠፋ እንጂ እኔስ ስበላው ከረምኩ።»

አህያዋን ተከትሎ የመጣው ቀበሮ ከኋላ ጣልቃ ገባ። «ሥር አልሽ? ሥር የሚምሰው ጠንቋይ ነው። እመት አህያ፣ ተይው ይቅርብሽ፤ ያሳብድሻል።»

«ካሮትም ሥር ነው» አለች ጦጣ። «ደግሞ አንተ መቼ አትክልት በልተህ ታውቃለህ?»

አህያዋ ፈራች። ባዶ አፏን ብትመለስ ግን ነገ እንደማትነሣ ታውቃለች። ስለዚህ የጦጣን ባዶ ቅርጫቶች ልትሸከምላት ተስማምታ አንድ ቀይ ሥር ተቀበለች።

መጀመሪያ አሸተተችው። ቀጥላ ላሰችው። ከዚያ በጥርሷ ጫፍ ቆንጥራ አላመጠችና ሆዷን እያዳመጠች ብዙ ቆየች። ሆዷ ዝም አለ፤ ምላሷ ግን ወደደው። የቀረውን ስትቆረጥመው ጦጣ ደስ ብሏት ሌላ ጨመረችላት። ደም የመሰለው ጭማቂው ከከንፈሯ እስከ አገጯ ወረደ።

ቀበሮ ይህን አይቶ ወደ ጅብ በረረ። «ቶሎ ድረስ፤ ከበረታች አጣናት» አለው።

ጅብ እየሮጠ መጣና አፏን ሲያይ ባለበት ቀረ።

«ምን እየበላሽ ነው?»

አፏ ሞልቶ ነበርና «ቀይ ሥ...» ብላ ማላመጧን ቀጠለች።

«ቀይ ሥጋ?» አለ ጅብ። «የማን?»

አህያዋ ፍርሃቱን ከዓይኑ አነበበች። ቀስ ብላ ዋጠችና እንዲህ አለችው፦ «‹ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ› ሲባል አልሰማህም፣ አያ ጅቦ? እኔ ሰምቻለሁ። እስቲ ጠጋ በልና እንጫወት።»

ጅብ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ኧረ አትክልት ነው» አለው ቀበሮ።

«አትክልት ደም አለው?»

«ሂድና አሽተው።»

«ብልሁ አንተ አይደለህ? አንተ አሽት።»

ቀበሮ እያቅማማ ሲጠጋ አህያዋ ዞር ብላ እርግጫ አቀመሰችው። ተንከባለለና ጭራውን ቆልፎ ፈረጠጠ። ጅብም ብልሁ ሲሸሽ አይቶ ተከተለው።

ገበያተኛው ሳቀ። ፍየልና በግ «እኛም እንቅመስ» እያሉ ክምሩን ከበቡት። ጅብ ጉብታው ላይ ደርሶ ዞር ቢል ገበያው በሙሉ አፉ ቀልቷል። ጥንቸል እንኳ ከንፈሯን ትልስ ነበር።

«ጥንቸልም ጀመረች?» አለና ወንዙን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ሜዳው የእነ አህያ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው የማናውቀውን ምግብ የሚያውቀውን ጠይቀን በጥቂት በጥቂቱ ብንቀምሰው እንጂ፣ በረኀባችን የሚጠቀም ጠላት ስላስፈራራን ብንተወው እንደማይበጀን ነው።