አልነፋችንም፣ አንገዋለለችን

ይህን ያወራችኝ የወፍጮ ቤቷ አመለወርቅ ናት። እሷ ደግሞ በአጥር ቀዳዳ ያላየችውን አታወራም።

በአንድ ወቅት፣ ከገደል ሥር ባለች ከተማ፣ እትዬ ይርገዱ የሚባሉ እናት ነበሩ። ልጅ ሳሉ በመሬት መንቀጥቀጥ የአባታቸው ቤት ተንዶ፣ ከፍርስራሽ ተጎትተው ነው የወጡት። በስተርጅናቸው አንድ ቀን መሬቱ ትንሽ ነቅነቅ ቢል ፍራሻቸውን ይዘው ግቢ ውስጥ ሸራ ሥር ገቡ። ክረምቱ መጣ፤ ልጆቻቸው ቢለምኗቸው ወይ ፍንክች!

«የያኔውን መንቀጥቀጥ መልሳችሁ አምጡልኝ። ይሄ ቤት ከቻለው እገባለሁ። ያስገባኝ ልጅ ቤቱን ይውሰድ» አሉ።

ትልቁ ሙላት አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ነው። መሬቱ ያኔ የት እንደተሰነጠቀ፣ የግቢያቸው አፈርም እንዴት እንደተናወጠ አስልቶ መጣ። ስክሪኑ ላይ ትንሽዬ ቤት ወዲያ ወዲህ አለች፤ አልወደቀችም።

«ቴሌቪዥን ነው እንዴ የምታሳየኝ? እኔን መች ነቀነቀኝ!» አሉ እናቱ።

መካከለኛው ገረመው አናጢ ነው። የወንድሙን ስሌት ተቀብሎ ከአሮጌ መኪና ስፕሪንግና ከሞተር የሚንቀጠቀጥ መድረክ ሠራ። የእናቱን ቤት አሳንሶ በእንጨትና በጭቃ አቆመበት። ሞተሩ ተነሳ፤ ቤቷ ንቅንቅ ብላ ቆመች። እትዬ ይርገዱ ግን በሳቅ ፈረሱ።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄማ መንፋት ነው! ያኔ መሬቷ አልነፋችንም፣ አንገዋለለችን!»

ወንዶቹ ተያዩ። ወንፊትም ሰፌድም በእጃቸው ነክተው አያውቁ፣ ልዩነቱን ከየት ያምጡት?

ታናሿ ውብዓለም ሰፌድ ላይ ምስር ጨምራ መጣች። «እማዬ፣ ልክ እንደዚያ ቀን አንገዋልዪልኝ።» የእናቷ እጅ ዙሪያውን ዞረ።

«አየህ ሙሌ፣ ያንተዋ እንደ ወንፊት ወዲያ ወዲህ ብቻ ናት። ይቺ ወደ ጎንም ትሄዳለች» አለች ውብዓለም።

ሙላት ራሱን ያዘ፤ ያሰላው አንዱን አቅጣጫ ብቻ ኖሯል። ሌላውንም አሰላ። ገረመው ሁለተኛ ሞተር በጎን ገጠመ። መድረኩ ሲዞር የትንሿ ቤት ማዕዘን ዘጭ! ማዕዘኖቿን በአግዳሚ እንጨት አስሮ ደገመው፤ ቆመች። ትልቁንም ቤት እንደዚያው አሰረው።

እትዬ ይርገዱ ነጠላቸውን አደግድገው መድረኩ ላይ ራሳቸው ወጡ። «አስነሳው!» ትከሻቸው አብሮ ሄደ። «እሷ ናት! እሷው ናት!» ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ወረዱና ፍራሻቸውን አሸክመው ገቡ።

ክርክሩ እራት ላይ ተነሳ።

«ስሌቴ ባይኖር ምኑን ትነቀንቁት ነበር?» አለ ሙላት።

«ስሌትህን ታቅፈህ ስትቀመጥ እማዬ ሸራ ሥር ታድር ነበራ! ቤቱን ያሰርኩት እኔ» አለ ገረመው።

«እኔ ባልመጣ እስከ ዛሬ ስትነፉ ነበር» አለች ውብዓለም።

እናትየው «መጀመሪያ ብሉ» ብለው ሳቁ።

ሙላት አዲስ አበባ ሥራው ላይ ነው። ገረመው የሰፈሩን ቤት ሁሉ ማዕዘን ያስራል። ውብዓለም አግብታ ወንዝ ማዶ ትኖራለች። እትዬ ይርገዱ ጣራቸው ሥር ይተኛሉ፤ ቤቱን ግን ገና ለማንም አልሰጡም።

እስቲ እናንተው ተከራከሩበት፦ ቤቱ የሚገባው ለማን ነው?