ያማረው ገጽና የእናት ወረንጦ

አንዲት ልጅ ነበረች እሺ? ከኛ ትንሽ ከፍ የምትል። የዓይን ክሊኒክ ተቀጥራ፣ ሰው ስለ ዓይኑ በስልኩ የሚያነበውን ድረ ገጽ አሻሽዪ ተባለች።

አሻሻለች። ኧረ እንዴት አድርጋ። ሰማያዊ ቀለም፣ የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ደቃቅ ቅልብጭ ያሉ ፊደሎች። ከዚያ ሮጣ ለእናቷ አሳየች። እናትየው ስልኩን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት፣ "ውይ የኔ ልጅ፣ እንዴት ያምራል" አሉ።

እናንተ ብትሆኑ ደስ አይላችሁም?

በሳምንቱ ቤት ስትገባ እናቷ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ባንድ እጅ መስታወት፣ ባንድ እጅ ወረንጦ። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ይነቅሉታል። ይነቀላል፣ ይበቅላል፣ ይጭራል። የሳቸውም እናት እንዲሁ ሲነቅሉ ኖረው ነው ዓይናቸው የጠፋው።

"እማዬ፣ 'አትንቀሉ፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ተደረጉ' ብዬ ጽፌ የለ እንዴ?"

"የት ላይ?"

"ገጹ ላይ ነዋ። አይተሽ ያምራል አላልሽኝም?"

"ቀለሙማ ያምራል። ፊደሉ ግን ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው። እንደዛ ደክመሽበት እንዴት አይታየኝም ልበልሽ?"

አያችሁ ይሉኝታን? ልጃቸውን ላለማስከፋት ዓይናቸውን ሊያጡ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሥዕሉን ከገጹ ላይ አነሳችው፣ ፊደሉን አተለቀችው። "አሁንስ?" "ኧኧ።" ጨመረች። "አሁንስ?" "ይሄ 'ወ' ነው መሰለኝ።" ጭራሽ ለማይታያቸው ደግሞ ሲነኩት የሚያወራ ድምፅ አስገባች፣ የራሷን ድምፅ። "እማዬ፣ ወረንጦውን አስቀምጪው። ነገ ሐኪም ጋ እንሂድ" ይላል።

በነጋታው አብረው ሄዱ፣ እናትየው ኦፕራሲዮን ተደረጉ፣ መውጋቱም ቀረ። ድምፁ ግን እዛው አለ። ያንን ገጽ የምትከፍት የማንም እናት "እማዬ" ተብላ ትጠራለች።

እኛስ? ጥቅሱን በአበባ አሳምረን ቴሌግራም ላይ እንለቃለን። መዝሙር ስናጠና የልብሱ ቀለም ላይ ስንት ሰዓት ተከራከርን? "ያምራል" ሲሉን ያገለገልን ይመስለናል። አጠገባችን ወረንጦ ይዞ የተቀመጠውንስ ማን ጠየቀው?

ዛሬ ቤት ስትገቡ እናታችሁን "ያምራል?" አትበሏት። ስለምትወዳችሁ ያምራል ነው የምትላችሁ። አጠገቧ ቁጭ በሉና "ይታይሻል?" በሏት።

ኧኧ ካለቻችሁ፣ አተልቁላት።