ምጧን የፈራችው እፉኝት

አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ድንጋይ በሚያግልበት ቆላ፣ ከእባብ መርዝ መድኃኒት በሚሠራበት ግቢ ውስጥ አንዲት እፉኝት በመስታወት ሳጥን ትኖር ነበር። የተወለደችውም ያደገችውም እዚያው ነው። ሳጥኗ ላይ «ሰባት» የሚል ቁጥር ተለጥፎ ስለነበር ስሟ ሰባት ይመስላት ነበር። ማንም አላረማትም።

እባብ ጆሮ የለውም ይባላል። ስለ ራሱ ሲወራ ግን ከመስማት የሚያግደው ነገር የለም። ሰባትም ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ብዙ ሰምታለች። ጠባቂው ጋሽ ወርዶፋ ወንዱን፣ ቁጥር ስምንትን፣ አምጥቶ ሳጥኗ ውስጥ የጨመረ ለት ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ተጠምጥመው ዋሉ። ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች «ውይ፣ ሲዋደዱ!» አሉ። ሰባት ገረማት። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የምታሞቅ መብራት አንዲት ብቻ ናት፤ ከሥሯ ያለው ቦታም ከአንድ እባብ አይተርፍም። ስምንት የተኛው በእሷ ላይ ሳይሆን በቦታዋ ላይ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ስምንት ወደ ራሱ ሳጥን ሲመለስ እሷም አልናፈቀችውም፣ እሱም ዞር ብሎ አላያትም።

«ይኸው፣» አለ ጋሽ ወርዶፋ፣ «እባብ ዘመድ አያውቅም።»

ሰባት ይህንንም ሰማች፤ አመነችም።

ከሰማችው ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ጋሽ ወርዶፋ ከሥራ ባልደረባው ጋር በተጣላ ቁጥር «አንተ የእፉኝት ልጅ!» ይለው ነበር። አንድ ቀን ለልምምድ የመጣች ተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው።

«እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ነው የሚወጡት» አላት የውሃ ሳህኑን እያጠበ። «እናታቸውን ገድለው ይወለዳሉ። ከዚህ የባሰ ክፉ ልጅ ከየት ይመጣል?»

ሰባት እናቷን አይታ አታውቅም። ነገሩን አወጣች፣ አወረደች፤ በመጨረሻም ደረሰችበት። «ገድያታለሁ ማለት ነዋ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ የራሷን ሆድ አየች። ከስምንት ጋር ከሰነበተች ወዲህ እያበጠ መጥቷል። ውስጡም የሚላወስ ነገር አለ።

ከሳምንታት በኋላ ጋሽ ወርዶፋ ክዳኑን ከፍቶ ውሃ ሲቀይር ስልኩ ጮኸ። ስልኩን ይዞ ወጣ፤ ክዳኑን ግን ረሳው። ሰባትም ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ማወቅ የምትፈልገውን ግን ታውቃለች፤ ከእፉኝት ወገን ወልዳ የተረፈች አለች ወይስ የለችም?

ከግቢው በታች ካለው ወንዝ ማዶ አንድ ጅብ የሞተ በሬ ላይ አፉን ተክሎ አገኘችው። ጠጋ ብላ አንዲት ቀበሮ ተቀምጣለች፤ እንደ ጨዋ ምራቋን እየዋጠች ተራ ትጠብቃለች።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ጅቦ» አለች ሰባት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። እፉኝት ስትወልድ ትሞታለች የሚባለው እውነት ነው?»

ጅብ ማኘኩን አቆመ። ከጥያቄው የገባው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ማን ነው የሚሞተው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ምጤ ሲመጣ።»

«እኮ መቼ? ዛሬ ነው ነገ?»

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አያ ጅቦ፣ ይሄማ ሲሳይ ነው» አለች። «እፉኝት የምትሞተው አርባ ልጅ ትታ ነው። እናትየዋ ዋና ምግብ፣ አርባዎቹ ማወራረጃ። እርስዎ ፊት ያለው ግን አንድ በሬ ነው። አንድ ይበልጣል አርባ አንድ?»

ጅብ ረጅም ጊዜ አሰበ። «አርባ አንድ» አለ በመጨረሻ፣ መልሱን ማግኘት አለማግኘቱን ከቀበሮ ዓይን ላይ እየፈለገ።

«ጎበዝ! በሉ ይከተሏት። በሬውን እኔ እጠብቅልዎታለሁ።»

«አደራ፣ እመት ቀበሮ!»

«አያስቡ! እንደ ራሴ ሆድ ነው የማየው።»

ሰባት ወደ ቀበሮ ዞረች። «እና እውነት ልሞት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እቴ? እፉኝት አይደለሁ» አለች ቀበሮ፣ ዓይኗን ከበሬው ሳታነሣ። «ከኮረብታው አናት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ወገኖችሽ እዚያ ናቸው፤ እነሱን ጠይቂ።»

ሰባት ቀኑን ሙሉ ተሳበች። ጅብም ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ፣ በየመቶ እርምጃው «ደረሰ?» እያለ ተከተላት።

ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አምስት እፉኝቶች ተኝተዋል፤ አምስቱም እርጉዞች ናቸው። ሰባት መጀመሪያ ያሰበችው መብራቱ የት ይሆን ብላ ነው። መብራት የለም። ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር የጋለ ነው፤ ሃምሳ እባብ ያስተኛል። አምስቱ ግን ጎን ለጎን ተጠጋግተው ተኝተዋል።

«ነይ ጠጋ በይ፣ ልጄ» አለች ትልቋ። ቆዳዋ የዳጉሳ ቀለም ስላለው እማማ ዳጉሳ ይሏታል። «ስምሽ ማነው?»

«ሰባት።»

«ስም ነው ቆጠራ?»

ሌሎቹ በአፍንጫቸው ሳቁ። ሰባት ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። «እማማ፣ ስንወልድ እንሞታለን?»

«ማን አለሽ?»

«የተወለድኩበት ግቢ ሰዎች። ልጆቻችን ሆዳችንን ቀደው ነው የሚወጡት አሉ።»

«ዘጠኝ ጊዜ ወልጃለሁ» አለች እማማ ዳጉሳ። «ዘጠኝ ጊዜ ከሞትኩ አንድ ሰው ሊነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይላሉ?»

«የወለደች እፉኝት ደክሟት ዝም ብላ ትተኛለች። ልጆቿ ይርመሰመሱባታል። ይህን ያየ ሰው እስክትነሣ ቆሞ አይጠብቅም፤ እግሬ አውጪኝ ይላል። የሚሮጥ ሰው ደግሞ መጨረሻውን አያይም።»

ሰባት ግን አልተረታችም። «እኔ እናቴን ገድያለሁ። አይቻት አላውቅማ!»

«እዚያ ግቢ የተወለዱትን ልጆች ምን ያደርጓቸዋል?»

«በዚያው ቀን እየለቀሙ በየሳጥኑ ያስገቧቸዋል።»

«እናትየዋንስ?»

«እሷንም ወደ ሳጥኗ...»

«ከጎረቤቶችሽ በዕድሜ የገፋች ነበረች?»

«አራት ቁጥር» አለች ሰባት፣ ቀስ ብላ። «ሽታዋ በክዳኑ ወንፊት ይመጣል። ከእኔ ሽታ ስለማይለይ የራሴ ይመስለኝ ነበር።»

እማማ ዳጉሳ ተጠግታ ጎኗን አስደገፈቻት። ሌሎቹም ይህን ጊዜ አልሳቁም።

ምጡ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ጅብ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ጾሙን አድሮ ነበርና ገና ስትንቆራጠጥ ሲያያት ብድግ አለ።

«እማማ» አለች ሰባት ጭንቅ ይዟት፣ «እርስዎ ተሳስተው ቢሆንስ?»

«ከተሳሳትኩ ልጆችሽን እኔ አያቸዋለሁ። አሁን ዝም ብለሽ አምጪ።»

አምስቱ ዙሪያዋን ከበው ተኙ። የመጀመሪያው ልጅ በስስ ልባስ እንደተጠቀለለ ወጣ፤ ወዲያው ልባሱን በአፍንጫው ቀዶ ራሱን ብቅ አደረገ።

«ይኸውልሽ» አለች እማማ ዳጉሳ። «ቀደዱ የተባለው ይህ ነው።»

ሃያ ሦስት ወለደች። ከዚያ ራሷን ድንጋዩ ላይ ጥላ ዝም አለች። ልጆቹ ይርመሰመሱባት ጀመር።

«ሞተች?» አለ ጅብ አፉን እየላሰ፤ ጠጋ አለ። አምስቱ እፉኝቶች ባንድ ጊዜ እንደ ወናፍ ተነፉ። ጅብ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። በመካከላቸው ሰባት ቀስ ብላ ራሷን ቀና አደረገች።

«አልሞትሽም?» አላት።

«አልሞትኩም።»

«በሬ ትቼ የመጣሁት አርባ አንድ ተብዬ ነው እኮ! በዚህ አገር ቃል አይከበርም እንዴ?»

እያጉረመረመ ወደ በሬው ገሰገሰ። ቀበሮም አደራ በላ አልነበረችም፤ ቀንዱን አንድም ሳታጎድል አቆይታለታለች።

ልጆቹ በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያ ቆዳቸውን ጣሉና አንድ በአንድ ወደ ሣሩ ገቡ። ሰባት ግራ ገባት። «እንዲሁ ይሄዳሉ?»

«ይሄዳሉ» አለች እማማ ዳጉሳ። «እዚህ ማንም በማንም ላይ አይዘጋም። ብርድ ሲመጣ ሽታሽን ተከትለው የሚመለሱ ይኖራሉ፤ የማይመለሱም ይኖራሉ።»

ከሰዓት በኋላ አንድ ብቻ ቀረ፤ ከሁሉ የሚያንሰው። ጎኗን ተደግፎ ተኝቷል።

«አንተስ አትሄድም?» አለችው።

«ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው።»

«ፀሐዩ እኮ እዚያም ያው ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ትንሹ። ካለበትም አልተነቃነቀም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘግተን ያራራቅነውን ፍጡር ዘመድ አያውቅም ብለን ስም ከማውጣታችን በፊት ዘመዱን የወሰደበት ማን እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብን ነው።